ሪፕ ቫን ዊንክልን ስተረጉም ያበላሸሁትና ያቃናሁት

የመጀመሪያውን ረቂቅ ለአራት ጓደኞቼ ሳነብላቸው ማንም አልሳቀም። አንዱ ቡናውን ያማስላል፣ ሌላው በመስኮት ያያል፣ አንዷ ደግሞ በአክብሮት ራሷን ትነቀንቃለች። ቀልድ እየተነበበ በአክብሮት ከሚነቀነቅ ራስ የሚያንኮራፋ ይሻላል፤ ታሪኩ ስለ እንቅልፍ ነውና ቢያንስ አብሮ ይሄዳል።

እንግሊዝኛውን ሳነብ ግን ብቻዬን እስቃለሁ። ስለዚህ ጥፋቱ የአሜሪካዊው ደራሲ የዋሽንግተን ኢርቪንግ ሳይሆን የእኔ ነበር። ኢርቪንግ «ሪፕ ቫን ዊንክል»ን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1818 እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ከተማ፣ እህቱና ባሏ ቤት ተቀምጦ ነው። የቤተሰቡ ንግድ በዚያው ዓመት ከስሮ ነበር። ታሪኩ በሚቀጥለው ዓመት ታትሞ የኢርቪንግን ስም አስጠራ። ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ከአሜሪካ አብዮት በፊት፣ በካትስኪል ተራሮች ሥር ባለች የሆላንዳውያን መንደር፣ የሰው ሥራ የማይሰለቸው የራሱን ግን የማይነካ ሪፕ የሚባል ደግ ሰው ይኖራል። ከሚስቱ ቁጣ ሸሽቶ፣ ጠመንጃውንና ውሻውን ይዞ ተራራ ይወጣል። እዚያ የጥንት ልብስ የለበሱ፣ ቃል የማይተነፍሱ ሰዎች ኳስ እያንከባለሉ ዘጠኝ እንጨት ሲጥሉ ያገኛል። የኳሱ ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ያስተጋባል። ከመጠጣቸው ይቀምሳል፣ ይደግማል፣ ይተኛል። ሲነቃ 20 ዓመት አልፎ፣ ንጉሥ ሄዶ ሪፐብሊክ መጥቷል።

የመጀመሪያው ጥፋቴ አዋቂነቴ ነው። ሪፕ ወደ መንደሩ ሲመለስ፣ የመጠጥ ቤቱን ደጃፍ ያጠላበት የነበረው ትልቅ ዛፍ የለም። በቦታው ረጅም ራቁት ምሰሶ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ቀይ የሌሊት ቆብ የሚመስል ነገር አለ። እኔ ምሰሶው የአብዮቱ ምልክት መሆኑን አውቃለሁና «የነፃነት ምሰሶ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ የሚውለበለበውንም «የአሜሪካ ባንዲራ» አልኩት። ትክክል ነው፤ ግን የቀልዱን ትንፋሽ ቆረጥኩት። ኢርቪንግ ዓለምን የሚያሳየን በሪፕ ዓይን ነው፤ ሪፕ ደግሞ የሚያየው ግራ የሚያጋባ የከዋክብትና የሰረዝ ክምችት ብቻ ነው። ለእሱ አገር መለወጡ አልተነገረውም። አንድ ሙሉ አብዮት ቆብ የደፋ እንጨት ሆኖ ሲቀርብ ነው ምፀቱ። ስለዚህ «ነፃነት» የሚለውን ቃል ከዚያ ገጽ በሙሉ ሰረዝኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የሰረዝኩት፤ ተርጓሚ ያወቀውን መደበቅ ይከብደዋል።

ከዚያ በኋላ ረቂቁን በስልክ ለእናቴ ማንበብ ጀመርኩ። እናቴ ደሴ ነው የምትኖረው። የሥነ ጽሑፍ ሰው አይደለችም፤ ግን ያልገባትን ነገር በአክብሮት አታልፍም። መጠጡ ጋ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ምን ጠጣ አልከኝ?»

«ጂን።»

«ጂን ይጠጣል እንዴ? ጂን ሰው ይይዛል እንጂ!»

እኔ ያልኩት የሆላንዶችን መጠጥ ነው። ደሴ ላይ ግን ጂን ሌላ ነው፤ ተራራ ላይ፣ ጭር ባለበት፣ ቃል በማይናገሩ ሰዎች መካከል ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ለነገሩ የእሷ ንባብ ከእኔ ይልቅ ለታሪኩ ሳይቀርብ አልቀረም። ቢሆንም «የሆላንድ አረቄ» ብዬ ቀየርኩት።

ትልቁን ነገር ያገኘሁት ግን ተራራው ላይ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በካትስኪል ተራሮች ነው። ወቅቱ በተለወጠ ቁጥር፣ አየሩ በተለወጠ ቁጥር፣ እንዲያውም በየሰዓቱ፣ የተራሮቹ ቀለምና ቅርፅ ይለወጣል ይላል። በዙሪያው ያሉ ባለትዳር ሴቶችም አየሩን የሚያነቡት ከእነሱ ነው። እኔ ይህን ክፍል እንደ ጌጥ ወስጄው ነበር። ደራሲው ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቱ በፊት ጉሮሮውን እየጠረገ ነው ብዬ፣ ባማሩ ቃላት ሞልቼ አለፍኩት። «ለውጥ» የሚለው ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ጊዜ መመላለሱንም እንደ ስንፍና ቆጥሬ፣ አንዱን «ሲፈራረቅ»፣ አንዱን «ሲቀያየር» እያልኩ አሳመርኩት። ኢርቪንግ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ቃሉን በጆሯችን እያንቆረቆረ መሆኑ አልታየኝም።

እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «እንዴ፣ ጦሳ በለው» አለች። ጦሳ ከደሴ በላይ የተዘረጋው ተራራ ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ እህል ከማስጣቷ በፊት ወደ ደጅ ወጥታ ቀና ትላለች። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ «ዛሬ አይሆንም፣ ጦሳ ቆቡን ደፍቷል» ብላ ሰፌዱን ይዛ ትመለሳለች። ከሰዓት በኋላ ይዘንባል።

ቆቡን ደፍቷል። ስልኩን ዘግቼ ወደ እንግሊዝኛው ሮጥኩ። ኢርቪንግ ያለውም ይህንኑ ነበር! ብራ ሲሆን ተራሮቹ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ይለብሳሉ። አንዳንዴ ደግሞ ሌላው ሁሉ ጥርት ብሎ ሳለ ግራጫ የጉም ቆብ ይደፋሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ቆብ እንደ ክብር ዘውድ ያበራል። እኔ «ጭጋግ ይሸፍናቸዋል» ብዬ ልብሱንም፣ ቆቡንም፣ ዘውዱንም ገፍፌ ጥያቸው ነበር።

ከዚያ ሌሎቹን ገጾች ሳገላብጥ ቆብ የሌለበት ቦታ አጣሁ። ምሰሶው ቀይ ቆብ ደፍቷል። ተራራ ላይ ያሉት ተጫዋቾች አንዱ ባለ ላባ፣ አንዱ ሾጣጣ ባርኔጣ ደፍተዋል። ሪፕ በተመለሰበት የምርጫ ቀን ሕዝቡን በክርኑ እየገፋ መጥቶ ሪፕን በሰላ ዓይን የሚመረምረው ሹም ቢጤ ሽማግሌ፣ ኢርቪንግ ስም እንኳ ሳይሰጠው በባርኔጣው ብቻ ነው የሚጠራው። መጠጥ ቤቱ በር ላይ ያለው ሥዕልም አለ። ሪፕ ሲተኛ ሥዕሉ የንጉሥ ጊዮርጊስ ሣልሳዊ ነበር። ሲመለስ ፊቱ ያው ቀይ ፊት ነው፤ ነገር ግን ቀዩ ኮት ሰማያዊ ሆኗል፣ በትረ መንግሥቱ ሰይፍ ሆኗል፣ ራሱ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ተደፍቷል፣ ከሥሩም በትልልቅ ፊደል «ጄኔራል ዋሽንግተን» ተብሎ ተጽፏል። አባቴ፣ በ1967 ዓ.ም. ሰፈራችን ካለው ጠጅ ቤት የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ ሲወርድ ክፈፉ ለሌላ ፎቶግራፍ እንደተቀመጠ ይነግረን ነበር። ጥሩ ክፈፍ ነበር ይላል።

አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ዕድል አለው። ቆብ ይደፋል፤ ባርኔጣ ይደፋል፤ ዘውድም ይደፋል። አንድ ግሥ ሁሉንም ይይዛል። ስለዚህ ተራራውም፣ ምሰሶውም፣ ጄኔራሉም፣ ሹሙም በሙሉ «ደፋ» በሚለው እንዲሄዱ አደረግኩ። ተራራው በየሰዓቱ ልብስ ይቀይራል፤ ማንም አብዮት ብሎ አይጮህም። ሰዎቹ በ20 ዓመት አንዴ ኮት ይቀይራሉ፤ መንደሩ በጩኸት ይናወጣል። ይህን በመግቢያ ላስረዳ ብዬ ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር፤ ጣልኩት። ግሡ ከሠራ ሠርቷል።

ግን «ተፈጥሮ አይለወጥም፣ የሚለወጥ ሰው ነው» ወደሚል ድምዳሜም መንሸራተት አልነበረብኝም፤ ተንሸራትቼ ነበር። ሪፕ ሲወጣ የተከተለው ደረቅ ሸለቆ ሲመለስ ውኃ እያረፋ የሚወርድበት ሆኗል። ተጫዋቾቹን ያገኘበት ሥፍራ መግቢያው በዓለት ተዘግቷል። ጠመንጃው ዝጓል፣ ጢሙ አድጓል። ሃድሰን ወንዝ ግን በሩቅ እንደ ወትሮው እንደ ብር ያበራል። ከሩቅ ያው ነው፤ ከቅርብ ሁሉም ተሠርቶበታል። በሁለተኛው ረቂቅ ሩቁን በረጅም፣ ቅርቡን በአጭር ዓረፍተ ነገር ለየሁት።

አንቱታው ሌላ ጣጣ ነበር። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ስላለው ኢርቪንግ አልተቸገረም። እኔ ግን ሪፕ መቼ «አንቱ» እንደሚሆን መወሰን ነበረብኝ። ሄዶ የተመለሰው ጢሙ የነጣ ሽማግሌ ነው፤ ለራሱ ግን ትናንት የወጣው ሰው ነው። ተራኪው እስከ መጨረሻው «እሱ» እያለ እንዲጠራው አደረግኩ፤ መንደሩን ግን ከፈልኩት። ሪፕ በየዋህነት «ለንጉሡ ታማኝ ሰው ነኝ» ሲል ሕዝቡ «ሰላይ ነህ!» ብሎ ያፈጥበታል፤ ያ «አንተ» የስድብ ነው። ሴት ልጁ ዩዲት የማታውቀውን ሽማግሌ በ«እርስዎ» ታነጋግረዋለች፤ አባቷ መሆኑን ሳታውቅ ስለ አባቷ መጥፋት ስትነግረው ያ አክብሮት ራሱ ያማል። ከዚያ አንዲት አሮጊት እየተንገዳገዱ ከሕዝቡ መካከል ይወጣሉ፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ፊቱን ትኩር ብለው ያያሉ፤ ራሱ ሪፕ ነው ይላሉ። «እንኳን ደህና መጣህ የጥንት ጎረቤቴ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የት ነበርክ?» በዚያ ቀን በፍቅር «አንተ» ያለው እሳቸው ብቻ ናቸው። ከሙሉ ትርጉሙ ይህን ገጽ ነው የምወደው፤ የእኔ ሥራ ደግሞ አይደለም፤ የቋንቋው ነው።

ስለ ምፀቱ የመጨረሻ አንድ ነገር። ኢርቪንግ ታሪኩን በራሱ ስም አይነግረንም፤ ዲድሪክ ኒከርቦከር የተባሉ ሽማግሌ የታሪክ ጸሐፊ ትተውት ከሄዱት ወረቀት ነው የተገኘው ይላል። እኚህ ሰው ፈጠራ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1809 ኢርቪንግ እኚህ ሽማግሌ ጠፉ የሚል ማስታወቂያ በጋዜጣ አውጥቶ ያመነው ሰው ነበር። ኒከርቦከር አይስቁም፤ ቀልዱም እዚያ ነው። በመጨረሻ ታሪኩ እውነት ለመሆኑ ማስረጃ ሲያቀርቡ፣ በገጠር ዳኛ ፊት የተሰጠ ሰነድ አይቻለሁ ይላሉ፤ በዳኛው በራሱ እጅ ጽሑፍ፣ በመስቀል ምልክት የተፈረመ። እኔ የአገራችን ልማድ ይቀላል ብዬ «ሪፕ በጣት አሻራው የፈረመበት» ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ ቀን ሌሊት ላይ ነቅቼ ነው የገባኝ፤ መስቀሉን የሣለው ዳኛው ነው! ስሙን መጻፍ የማይችል ዳኛ የመሰከረለት ታሪክ ምን ያህል እንደሚታመን ኒከርቦከር በኩራት እየነገሩን ነው። አሻራው ወጣ፣ መስቀሉ ገባ።

እናቴ ቤት አጠገብ የሚኖሩ መሪጌታ ታሪኩን ከእሷ ሰምተው «ይህማ አቤሜሌክ ነው» ብለው ላኩብኝ። ተረፈ ባሮክ በተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ወጥቶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ 66 ዓመት ይተኛል፤ የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ ነው። ሲነቃ በለሱ ትኩስ ነው፤ ወተቱ ይንጠባጠባል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የሪፕ ጠመንጃ ለምን እንደዛገ ገባኝ። አቤሜሌክን ያስተኛው ጸጋ ነው፤ በለሱም ይጠበቃል። ሪፕን ያስተኛው የሰው መጠጥ ነው፤ ምንም አልተጠበቀለትም። እንዲያም ሆኖ ከተገላገላቸው ነገሥታት ሁሉ ትልቁ ሚስቱ ነች፤ ኢርቪንግ «የቀሚስ አገዛዝ» ይለዋል፤ የጊዮርጊስ መውደቅ ለሪፕ ብዙም አልሞቀውም፣ አልበረደውም። የሞቷን ወሬ ሲሰማ ግን አንገቱን ከቀንበር አወጣ።

ይህ ክፍል አሁንም ይከነክነኛል። እንደ ኒከርቦከር ፊቴን ሳላጨማድድ ተርጉሜዋለሁ፤ እንዲያውም «ወይዘሮ ቫን ዊንክል ተቆጡ» እያልኩ በአንቱታ አጋንኜዋለሁ። ጓደኞቼ በሁለተኛው ንባብ የሳቁት እዚህ ላይ ነው። እናቴ አልሳቀችም።

«እሱ ተራራ ለተራራ ሲዞር ልጆቹን ማን አበላቸው?»

«እሷ ናት።»

«ስሟ ማን ነበር?»

«ወይዘሮ ቫን ዊንክል።»

«እሱ የባሏ ነው። የእሷ?»

«አልተጻፈም።»

«የውሻውስ?»

«ተኩላ ይባላል።»

ዝም አለች። ከዚያ «እስቲ ደግመህ እይ፣ ዘልለኸው ይሆናል» አለችኝ።

ደግሜ አየሁ። አልዘለልኩም።