ሰርቨሩ አይታየኝም

ቅዳሜ ማታ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ይህች ዓረፍተ ነገር አትጠፋም፦ «ሰርቨሩ አይታየኝም።» አንዱ ከሰሚት ይጽፋታል፣ አንዷ ከባሕር ዳር፣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ። የሚጽፉት አንድ ነው፤ ችግራቸው ግን ለየቅል ነው። ሰርቨሩ፣ ማለትም ሁላችንም የምንገባበት የማይንክራፍት ጨዋታ፣ የሚከፈተው እኔ ቤት ባለው ላፕቶፕ ስለሆነ መልሱም የሚጠበቀው ከእኔ ነው።

ነገሩን የምር የያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ወዲህ ሁላችንም ተበታትነናል። እንደዋወል እንባባላለን፣ ሳንደዋወል ወሩ ያልቃል። እዚያ ጨዋታ ውስጥ ግን አብረን የገነባነው ሰፈር አለ። ድንጋይ እየቆፈርን ስለ ሥራ እናወራለን፣ ስለ ቤት ኪራይ እናማርራለን፣ የታመመ ወላጅ ካለ እንጠያየቃለን። አንዱ ሳይገባ ሲያመሽ ልቤ አያርፍም።

አብዛኞቻችን ጨዋታ የለመድነው ሰፈር ጌም ቤት ነው። አንዱ ካውንተር ስትራይክ ላይ ጌም ይፈጥራል፣ የሌሎቹ ስክሪን ላይ ወዲያው ይመጣል። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ አንድ ስዊች (ገመዶቹን የሚያገናኝ ሳጥን) ላይ ስለተሰኩ ነበር እንዲያ የቀለለው። ዛሬም ብዙ ሰው ሰርቨር ከተከፈተ ዝርዝሩ ላይ በራሱ መምጣት አለበት ብሎ ያስባል።

ማይንክራፍት ጃቫ (እኛ በኮምፒውተር የምንጫወተው ዓይነት) ላይ «ኦፕን ቱ ላን»፣ ማለትም ለቤቱ ኔትወርክ ክፈት፣ ሲባል ጨዋታው በየ1.5 ሰከንዱ 224.0.2.60 ወደሚባል አድራሻ፣ በፖርት (የበር ቁጥር እንደ ማለት ነው) 4445፣ «እዚህ ነኝ» የሚል አጭር መልእክት ይለቃል። ግቢ ውስጥ ቆሞ እንደ መጣራት ነው፤ ድምፁ ከአጥር አያልፍም። ራውተሩ ያንን መልእክት ወደ ኢንተርኔት አያወጣውም። ባሕር ዳር ያለችው ጓደኛችን ዝርዝሩን ስታድስ ብታድር የእኔ ሰርቨር አይመጣላትም። አንድ ቤት ተሰብስበን እንኳ ጥሪው መንገድ ላይ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ አንድ ቤት ስንሆን ዝርዝሩን ትተን አድራሻውን በእጅ እንጽፋለን። መጀመሪያ የላፕቶፔን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻውን)፣ ለምሳሌ 192.168.1.14፣ ቀጥሎ ጨዋታው ሲከፈት ያሳየውን የፖርት ቁጥር። ፖርቱ ጨዋታው በተከፈተ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ስለሚቀያየር የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም። በዚህ ከተገባ ሰርቨሩ ደህና ነው፤ የጠፋው ጥሪው ብቻ ነው። ካልተገባ ወደ ፋየርዎሉ፣ የሚመጣውን ግንኙነት ወደሚያጣራው ጠባቂ፣ እሄዳለሁ። ዊንዶውስ የቤቱን ዋይፋይ «ፐብሊክ» ብሎ ከመዘገበው ከሌላ መሣሪያ የሚመጣውን ግንኙነት ይጠራጠራል። የራሳችን ቤት ከሆነ ወደ «ፕራይቬት» ቀይሮ ለጃቫ (ጨዋታውን ለሚያስኬደው ፕሮግራም) ፈቃድ መስጠት ነው። ፋየርዎሉን ጨርሶ አጥፋው የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ በፍጹም አልስማማም። አንድ በር ለመክፈት ቤቱን ያለ በር ማስቀረት አያስፈልግም።

የእንግዳ ዋይፋይም አለ። ብዙ ራውተር እንግዳ መስመር ላይ የገቡ መሣሪያዎችን እርስ በርስ እንዳይገናኙ ይለያያቸዋል። ዩቲዩብ ይከፈታል፣ ቴሌግራም ይሠራል፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ላፕቶፖች ግን አይተያዩም። ኢንተርኔቱ ስለሚሠራ ማንም ዋይፋዩን አይጠረጥርም።

ከሁሉ በላይ የረዳኝ ግን የስህተት መልእክቱን በደንብ ማንበብ ነው። አሁን ማንም «እምቢ አለኝ» ሲለኝ «ምን ብሎ?» እላለሁ፣ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝም እለምናለሁ። «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ካለ አንድ መሣሪያ ተገኝቷል፣ መልስም ሰጥቷል፤ በዚያ ፖርት ላይ ግን የሚቀበል የለም። ሰርቨሩ ጠፍቷል ወይም የፖርቱ ቁጥር ተሳስቷል። «ታይምድ አውት» ካለ መልስ የሚባል ነገር አልመጣም። መልእክቱን መንገድ ላይ ፋየርዎል ወይም ራውተር ውጦታል፣ ወይም አድራሻው የሌላ ነው። «አንኖውን ሆስት» ከሆነ የተጻፈው ስም ራሱ አልተገኘም። ሰርቨሩ በሚፈቅድላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ውስጥ የለህም የሚል ከመጣማ ደስ ይለኛል፤ መንገዱ ሁሉ ተከፍቷል ማለት ነው፣ ስሙን መጨመር ብቻ ይቀራል። አንዷን መስመር ማንበብ የሰዓታት ልፋት ታስቀራለች። ሰው ግን ተናዶ ቶሎ ይዘጋታል።

ከከተማ ውጭና ከውጭ አገር ለሚገቡት ነገሩ ይከብዳል። በ192.168 የሚጀምር አድራሻ ከቤት ውጭ ትርጉም የለውም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ዘመዴ ቤትም ያው ቁጥር ሊኖር ይችላል። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ቪዲዮዎች ሁሉ ራውተሩ ውስጥ ገብተህ ፖርት 25565ን (ራሱን የቻለ የማይንክራፍት ጃቫ ሰርቨር የተለመደ ቁጥር) ወደ ኮምፒውተርህ ምራ ይላሉ። ልክ ናቸው፤ የሚሠራው ግን ራውተሩ የራሱ የሆነ የኢንተርኔት አድራሻ ሲኖረው ነው። አይፒቪ4 የሚባለው የተለመደው የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት በጠቅላላው ያለው አድራሻ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። ከዓለም አቀፉ ማከማቻ የመጨረሻዎቹ ክፍልፋዮች የታደሉት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ስለዚህ በብዙ አገር የኢንተርኔት አቅራቢዎች አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያጋራሉ። ለዚሁ ሥራ ከ100.64 እስከ 100.127 የሚጀምሩት ቁጥሮች በ2012 ተለይተው ተቀመጡ።

መለየቱ ቀላል ነው። ራውተሩ ገጽ ላይ «ዋን» (ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው መስመር) በሚለው ሥር ያለውን አድራሻ አያለሁ። ከዚያ የእኔ አይፒ ስንት ነው ብዬ ኢንተርኔት ላይ እጠይቃለሁ። ሁለቱ ከተለያዩ ከእኔ ራውተር በላይ ሌላ ራውተር አለ ማለት ነው፣ ያኛውን ደግሞ እኔ ማዘዝ አልችልም። የኔ ቤት እንዲህ ነው። የስልክ ዳታ ሆትስፖት ላይ ሰርቨር የሚከፍቱትም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ላይ ይቆማሉ። ፖርት መክፈት ላይ ሌሊቱን ማሳለፍ ዋጋ የለውም።

እኛን ያወጣን ዜሮቲር የሚባል ፕሮግራም ነው። ሁላችንም እንጭነዋለን፣ አንዲት 16 ፊደልና ቁጥር ያላት መለያ እናስገባለን፣ ከዚያ በየአገሩ ያለነው ሰዎች አንድ ስዊች ላይ የተሰካን ያህል እንሆናለን። አንድ ነገር ብቻ ይረሳል፦ አዲስ ሰው ሲገባ የኔትወርኩ ባለቤት ገብቶ ሊፈቅድለት ይገባል። ካልተፈቀደለት ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ ሳለ ሰውየው ምንም አያይም። ቴይልስኬል የሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራምም ጥሩ ነው፣ ግን ያችን «እዚህ ነኝ» የምትለዋን ጥሪ አያሻግርም። በእሱ የሚጫወት ሰው አድራሻውን በእጅ መጻፍ አለበት።

የአክስቴ ልጅ አሁን ይገባል፤ እኛ ጋ ሲመሽ እሱ ጋ ቀትር ገደማ ነው። ይዘገይብኛል እያለ ያማርራል። በመካከላችን ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ፣ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ደርሶ መልሱ ከ110 ሚሊሰከንድ በታች አይወርድም። ይህን ማንም አያስተካክለውም፣ ቤት ለመሥራት ግን ይበቃል።

እዚህ አዲስ አበባ የሚያስቸግረን ሌላ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ አንዳንዴ ለላፕቶፔ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። ዓርብ በ14 ያልቅ የነበረው አይፒ ቅዳሜ በ17 ያልቃል፣ ቤት ያሉት ደግሞ የድሮውን ይጽፋሉ። ራውተሩ ላይ ለላፕቶፑ ቋሚ ቁጥር ካስያዝኩ ወዲህ ይህ ቀርቷል።

የቀረችን የአክስቴ ልጅ ታናሽ እህት ናት። እሷ የምትጫወተው በስልክ ነው። የስልኩ ማይንክራፍት ቤድሮክ የሚባለው ዓይነት ነው፣ የእኔ ሰርቨር ጃቫ፤ ስማቸው አንድ ቢሆንም አይግባቡም። ጃቫው በተለምዶ በቲሲፒ 25565 ይጠብቃል፣ ቤድሮኩ ደግሞ በሌላ የመላላኪያ መንገድ፣ በዩዲፒ 19132፣ ይፈልጋል። ማንኛውንም ፋየርዎል ብንከፍት ሊታያት አይችልም። ጋይሰር የሚባል ሁለቱን የሚያስተረጉም ፕሮግራም ስላለ በሚቀጥለው ሳምንት ሰርቨሩ ላይ እጭነዋለሁ። ወንድሟ ዜሮቲሩን ስልኳ ላይ አስገብቶላታል፤ እኔም ዛሬ ፈቅጄላታለሁ።