«ቬንጋ» እና «ይምጡ»

ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በቆዩባት በጎንደር፣ ከፒያሳ ብዙም ባልራቀው ቤቴ ተቀምጬ የጣሊያንኛን ግስ ማርባት ከጀመርሁ ሁለት ክረምት አለፈኝ። በአሬ፣ በኤሬ እና በኢሬ የሚጨርሱት ሦስቱ የግስ ወገኖች በቃል ጥናት ስለሚያዙ ብዙ አላስቸገሩኝም። ያለፈው ጊዜም ቢሆን፣ «ማንጃቮ» የእኛ «እበላ ነበር»፣ «ኦ ማንጃቶ» ደግሞ «በልቻለሁ» መሆኑን ስረዳ ቀለለኝ፤ የእነርሱ ረዳት ግስ «አለኝ» ማለት ሲሆን የእኛው «አለሁ» ነው።

ከሁሉ አብልጬ የወደድሁት ግን ኮንጁንቲቮ የሚሉትን፣ ለምኞት፣ ለጥርጣሬና ለፈቃድ የሚያገለግለውን አንቀጽ ነው። «ቪዬኔ» ይመጣል ሲሆን «ቬንጋ» ይምጣ ነው፤ ጣሊያናዊውም የሚያከብረውን ሰው ሲጠራ፣ እኛ ታላላቆቻችንን «ና» ሳንል «ይምጡ» እንደምንለው ሁሉ፣ ተራውን ትእዛዝ ትቶ ይህንኑ «ቬንጋ» ይላል። ሁለቱም ቋንቋዎች ፊት ለፊት የቆመውን ሰው በሦስተኛ መደብ በመጥራት ያከብሩታል፤ ልዩነቱ እነርሱ በነጠላ፣ እኛ በብዙ ቁጥር መጠቀማችን ነው። «ኤንትሪ፣ ሲ አኮሞዲ» የሚለውን ባነበብሁ ቁጥር፣ አያቴ እንግዳ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ይግቡ፣ ይቀመጡ» የሚሉት ድምፅ ይሰማኛል።