ግራጫው ካርድ ያላሳየው ቀይ

የልብስ ካታሎግ ፎቶዎችን በምናስተካክልበት ክፍል ከሚያጋጥሙን ችግሮች ሁሉ ምንጩን ለማግኘት የሚያስቸግረው፣ ፎቶው በራሱ ሲታይ እንከን የሌለበት ሆኖ ሳለ የልብሱ ቀለም ግን ከእውነተኛው ልብስ የማይገጥምበት ነው። አንድ የልብስ ሻጭ ድርጅት ያስረከብነውን ሥራ የመለሰልን በዚሁ ምክንያት ነበር። ቅሬታው አጭርና ግልጽ ነው፤ በፎቶው ላይ የሚታየው ቀይ ቀሚስ ከመጠን በላይ የደመቀ በመሆኑ፣ ገዢዎች ዕቃው ሲደርሳቸው «ያዘዝነው ይህን አይደለም» እያሉ ይመልሱታል። ከቅሬታው ጋር የቀሚሱ ቁራጭ ጨርቅ ተልኮልን ስለነበር ከስክሪኑ አጠገብ አድርገን ስናስተያየው ልዩነቱ ለማንም ዓይን የሚታይ ሆኖ አገኘነው።

እንደተለመደው መጀመሪያ የተጠረጠረው ስክሪኑ ነበር፤ ቀጥሎ የካሜራው ዋይት ባላንስ፣ ማለትም የመብራቱ ቀለም ነጭና ግራጫ ነገሮችን እንዳያዛባ የሚደረገው ማስተካከያ። ስክሪኖቻችን በየጊዜው በመለኪያ መሣሪያ ስለሚስተካከሉ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ቶሎ ወደቀ። ሁለተኛውም ብዙ አልቆየም። ፎቶ አንሺው መብራቱን በቀየረ ቁጥር ከልብሱ ጎን ግራጫ ካርድ አስቀምጦ ስለሚያነሳ፣ በካርዱ ላይ የቀዩ፣ የአረንጓዴውና የሰማያዊው ቁጥር እኩል መሆኑን በፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም በፎቶሾፕ፣ የአንድን ነጥብ የቀለም ቁጥሮች ከ0 እስከ 255 በሚያሳየው ኢንፎ ፓነል አረጋገጥን። በፎቶው ላይ የተደራረቡትን የማስተካከያ ንብርብሮች (ሌየሮች) ሁሉ አብርተን ልኬቱን ስንደግመውም ግራጫው ያው ግራጫ ነው። አብዛኞቹ ባልደረቦቼ በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የእኛ አይደለም ወደሚል ድምዳሜ ደርሰው ነበር፤ ግራጫ ካርድ የቀለም መዛባት የሚፈተሽበት የታወቀ መንገድ በመሆኑ አስተያየታቸው መሠረት የሌለው አልነበረም።

አለቃችን ግን በዚህ አልረኩም። «ግራጫውን ለጊዜው ተዉት፤ የተመለሰብን ጨርቁ ነው፣ ጨርቁን ለኩት» አሉን።

በቀሚሱ ላይ አንድ ነጥብ ተመርጦ ምልክት ተደረገበትና ማስተካከያዎቹ ሁሉ ጠፍተው ሲለካ ቀዩ 170፣ አረንጓዴው 60፣ ሰማያዊው 70 ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሌየር ለብቻው እየበራ ያው ነጥብ ተለካ። ጥላውን ለማጠንከር በመልቲፕላይ (ከታች ያለውን ፎቶ እያባዛ በሚያጠቁር የመዋሃጃ ስልት) የተቀመጠው ግራጫ ሌየር ሦስቱንም ቁጥሮች ዝቅ አደረጋቸው፤ ነገር ግን መልቲፕላይ ሦስቱንም በአንድ ዓይነት መጠን የሚያባዛ በመሆኑ በመካከላቸው ያለው ምጥጥን አልተነካም። ጨርቁ ጠቆረ እንጂ ይበልጥ ቀይ አልሆነም። ኮንትራስት (የብርሃንና የጥላ ልዩነት) ለመጨመር በኤስ ቅርጽ የተሳለው የከርቭስ፣ ማለትም ቁጥሮቹን በኩርባ የሚቀይር ማስተካከያ፣ ሌየር ሲበራ ግን ቁጥሮቹ 186፣ 44 እና 53 ሆኑ። በከፍተኛውና በዝቅተኛው ቁጥር መካከል የነበረው የ110 ልዩነት ወደ 142 ሰፋ፤ ሳቹሬሽን የምንለው የቀለሙ ድምቀት ደግሞ ቀለምን በዓይነቱ፣ በድምቀቱና በብሩህነቱ በሚገልጸው በኤችኤስቢ መለኪያ ከ65 በመቶ ወደ 76 በመቶ ወጣ።

የዚህ ምክንያቱ ከርቭስ በኖርማል ሞድ (ሌየሩ ከታች ካለው ጋር በተለመደው መንገድ በሚዋሃድበት ስልት) ላይ እያለ የሚሠራበት መንገድ ነው። በአርጂቢ (ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ በአንድነት) የተሳለው ኩርባ ሦስቱንም የቀለም ቻናሎች ለየብቻ እያነበበ፣ ከመካከል በላይ ያለውን ቁጥር ወደ ላይ፣ ከመካከል በታች ያለውን ወደ ታች ይገፋል። ደማቅ ቀለም ማለት ከቻናሎቹ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለበት ፒክስል በመሆኑ፣ ለብሩህነት ተብሎ የተሳለው ኩርባ ቻናሎቹን እርስ በርስ ያራርቃቸዋል። ግራጫው ካርድ ይህን ሊያሳይ የማይችለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እኩል የሆኑ ሦስት ቁጥሮች በአንድ ኩርባ ውስጥ ቢያልፉ እኩል ሆነው ነው የሚወጡት። ካርዱ የሚነግረን ፎቶው ወደ አንድ ቀለም ማዘንበል አለማዘንበሉን ብቻ እንጂ፣ ቀለም ባለው ነገር ላይ ድምቀት መጨመር አለመጨመሩን አይደለም። ይህን ነጥብ አጥብቄ የማነሳው፣ በሙያው ብዙ ዘመን የቆዩ ሰዎች ጭምር በግራጫው ልኬት ተማምነው ሥራ ሲያስረክቡ ስላየሁ ነው።

መፍትሔው ኩርባውን ሳይነኩ የከርቭሱን ሌየር ብሌንዲንግ ሞድ (የመዋሃጃ ስልት) ከኖርማል ወደ ሉሚኖሲቲ መቀየር ነበር። በዚህ ሞድ ፎቶሾፕ ብሩህነትን ከላይኛው ሌየር ብቻ ይወስድና የቀለሙን ዓይነትና ድምቀት ከታች ካለው ፎቶ ይይዛል። ብሩህነቱም በግምት 30 በመቶ ከቀዩ፣ 59 በመቶ ከአረንጓዴው፣ 11 በመቶ ከሰማያዊው ተውጣጥቶ የሚሰላ ነው። በእኛ ነጥብ ላይ ውጤቱ 164፣ 54 እና 64 አካባቢ ሆነ። የ110 ልዩነት ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የሳቹሬሽን ቁጥሩም 67 በመቶ ላይ ቆመ፤ የጨርቁ እጥፋቶች ግን ኩርባው የሰጣቸውን ጥልቀት አላጡም። ቁራጩ ጨርቅ እንደገና ከስክሪኑ አጠገብ ሲቀመጥ ማንም ያልተከራከረበት ውጤት ነበር፤ ደንበኛውም ተቀበለው።

ማስተካከያው ለቀሩት የካታሎጉ ፎቶዎች ሲዛወር ግን ሌላ ችግር ተፈጠረ። አንድ ባልደረባችን በየፋይሉ ያሉትን የማስተካከያ ሌየሮች አንድ በአንድ ከመቀየር ይልቅ ሁሉንም በአንድ ግሩፕ ሰብስቦ ሉሚኖሲቲን ለግሩፑ ሰጠው። ፎቶው ወዲያውኑ ማስተካከያ ወዳልተደረገበት መልኩ ተመለሰ። «ሉሚኖሲቲው እኮ ከርቭሱን ጨርሶ አጠፋው!» ብሎ ጠራን። አንድ ግሩፕ ሲፈጠር የሚሰጠው ሞድ ፓስ ስሩ ነው፤ በውስጡ ያሉት ማስተካከያዎች ከግሩፑ ውጭ በታች ያለውን ፎቶ ማየትና መለወጥ የሚችሉት በዚህ ሞድ ብቻ ነው። የግሩፑ ሞድ ወደ ሉሚኖሲቲ፣ ወደ ኖርማልም ቢሆን፣ ከተቀየረ ማስተካከያዎቹ በግሩፑ ውስጥ ባለው ነገር ላይ ብቻ ይወሰናሉ፤ በግሩፑ ውስጥ ፎቶ ከሌለ ደግሞ የሚሠሩበት ነገር የለም። ስለዚህ ግሩፑ ፓስ ስሩ ላይ ተትቶ ሞዱ ለእያንዳንዱ ከርቭስ ለየብቻ ተሰጠ። ሥራው ግን ረዘመ።

በዚያው ፍተሻ 50 በመቶ ግራጫ የተሞላውንና በሶፍት ላይት ሞድ የተቀመጠውን ሌየርም አየነው። እጥፋቶችን በብሩሽ ለማብራትና ለማጥቆር የምንጠቀምበት ነው። እሱም እንደ ከርቭሱ ሦስቱን ቻናሎች ለየብቻ ስለሚያሰላ፣ ብሩሹ በተደጋገመበት ቦታ ቀለሙን በትንሹ ይለውጣል። ለውጡ አነስተኛ በመሆኑ ሌየሩ እንዲወገድ አልተወሰነም፤ በቀለማም ጨርቅ ላይ የሚሠራ ሰው ግን ብሩሹን እንዳያበዛ ተነግሮታል።

ሉሚኖሲቲን ለሁሉም ፎቶ መደበኛ ማድረግ የፈለጉ ነበሩ። በዚህ አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። የሰው ፊት በሚታይባቸው ፎቶዎች ላይ ኮንትራስቱ ሲጨምር ቀለሙ አብሮት ካልጨመረ፣ ጥላ ያረፈበት ቆዳ ሕይወት የሌለውና የገረጣ ይመስላል፤ እዚያ ኖርማል የሚያመጣው የድምቀት ጭማሪ የሚፈለግ ነው። በልብስ ፎቶ ግን ገዢው የሚከፍለው ላየው ቀለም ስለሆነ ጨርቁ ሉሚኖሲቲ ይገባዋል። ልብሱን የለበሰ ሞዴል ባለበት ፎቶ የምንሠራው ያንኑ ከርቭስ ሁለት ቦታ በማስቀመጥ ነው። አንደኛው በጨርቁ ማስክ (ማስተካከያው ጨርቁ ላይ ብቻ እንዲያርፍ በሚያደርግ ሽፋን) ተገድቦ በሉሚኖሲቲ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው በቆዳው ማስክ ተገድቦ፣ ኦፓሲቲው (የሌየሩ ጉልበት) ዝቅ ተደርጎ፣ በኖርማል ይቀራል።