የዚህ ሳምንት ዝናብ ከዳባት እስከ ደንቢያ

ሐምሌ ሲገባ ከውጭ የሚደውሉ ዘመዶቼ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ጎንደር ዝናቡ እንዴት ነው?» መልሱ ግን አንድ አይደለም። የወገራ ዝናብ ሌላ ነው፣ የደንቢያ ሌላ፣ የመተማ ደግሞ ጭራሽ ሌላ። እህል ነጋዴ ስለሆንኩ ከየአቅጣጫው ይደወልልኛል። የሳምንቱን ወሬ ሰብስቤ ልጻፍላችሁ።

ከከተማው ልጀምር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ነበረች። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሰው ልብሱን አስጥቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ ይመለሳል። ከዚያ ተራራው ይጠቁራል። ስምንት ሰዓት አካባቢ ዶፉ ይወርዳል። የደጋ ክረምት ጠባዩ ይሄ ነው። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር ፀሐይ ባሞቀችው መሬት ላይ ሽቅብ ይነሣል፣ ተራራው ደግሞ የበለጠ ይገፋዋል፣ ላይ ሲደርስ ቀዝቅዞ ይዘንባል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዝናቡ በኋላ ጋቢ የግድ ነው።

ሐምሌ 7፣ የሥላሴ ንግሥ ዕለት ግን ዝናቡ ሰዓቱን አልጠበቀም። ገና በጠዋቱ ጀመረ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ክዳኑ ሣር ነው፤ እንደ ቆርቆሮ አይጮኽም። ውሃው ከክዳኑ ጠርዝ ላይ በቀጭን በቀጭኑ ይወርዳል። እናቶች ነጠላቸውን በላስቲክ ሸፍነው ዛፎቹ ሥር ቆመው አስቀደሱ። አንድም ሰው ዘንቧል ብሎ ሲመለስ አላየሁም።

ሱቄ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ነው። በክረምት እህል መሬት አይነካም። ከሥሩ የእንጨት ርብራብ አለ፣ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ያህል ይርቃል። ጠዋት ስከፍት የመጀመሪያ ሥራዬ እጄን ከታችኛው ማዳበሪያ ሥር መክተት ነው። ቀዝቀዝ ካለኝ አፉን ፈትቼ ከውስጥ አንድ እፍኝ አውጥቼ አሸታለሁ። እርጥበት የነካው ጤፍ ሽታው ቶሎ ይለወጣል፤ ከሸገተ ደግሞ የሚገዛው የለም፣ ለሰውም አይሆንም። በዚህ ሳምንት ሁለቱን ማዳበሪያ አውጥቼ በጠዋቷ ፀሐይ አስጥቻለሁ።

እህቴ ዳባት ናት። እነሱ ዘንድ ፀሐይ የሚባል አልታየም። ጉሙ ከጠዋት እስከ ማታ አልተገለጠም፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ በረዶ ጣለ። ገብሱ ገና ለጋ ስለሆነ ይነሣል ትላለች። የባቄላው ቅጠል ግን ተበሳስቷል። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞ ላይ ሹፌሮች ጉሙ እስኪገፈፍ መኪና አቁመው ይጠብቃሉ። በዚያ መንገድ መጠበቅ ይሻላል፤ ቶሎ ይድረስልኝ ብዬ አንድም ሹፌር አልጨቀጭቅም።

መተማ ያሉት ደንበኞቼ የሚያወሩት ስለ ሰሊጥ ብቻ ነው። እዚያ ቆላ ነው፣ ዝናቡ ነፋስ ይዞ ይመጣል፣ ካባራ በኋላም ወበቁ አይጣል ነው። ሰሊጥ እግሩ ሥር ውሃ ሲተኛበት አይወድም፤ ቢጫ ይሆንና ይደርቃል። ውሃው ሲተኛ የወባ ትንኝም ትራባለች። ስለዚህ አጎበራችሁን ዛሬውኑ አውርዱ። በለሳ በኩል ደግሞ ደመናው መጥቶ ያልፋቸዋል። በሬ ጠምደው ሰማይ የሚያዩ ሰዎች አሉ። በ2007 ኤልኒኖ ዝናቡን ባራቀው ጊዜ ያዩትን ስለማይረሱ፣ ሐምሌ ውስጥ አንድ ሳምንት መድረቁ ያስጨንቃቸዋል።

አሁን ወደ ደንቢያ። ስለ ደንቢያ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትቀየሙኝ፤ ዘንድሮ ልቤ እዚያ ነው። አጎቴ ቆላ ድባ አጠገብ ያርሳል። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ ሲርስ እግር ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጤፍ ሊዘሩ መሬቱን አለስልሰው ሲዘጋጁ የመገጭ ወንዝ ሞላባቸው። ደውዬ «ብዙ ዘነበባችሁ እንዴ?» ስለው፣ «እኛ ዘንድማ ካፊያ ነው ልጄ፤ የዘነበው እናንተ ዘንድ ነው» አለኝ።

ልክ ነው። መገጭ ከከተማው ሰሜን ካለው ደጋ ይነሣል፣ ቀሃንና አንገረብን ይቀበላል፣ የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ሜዳው ዝርግ ስለሆነ ወንዙ ከሞላ መሄጃ የለውም፤ ማሳ ላይ ይተኛል። በ1998 ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ከጣና ምሥራቅ ያሉትን ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቁት እንደዚሁ ነበር።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 50 ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያ ብቻውን 1,500 ሊትር ያወርዳል፤ ሰባት በርሜል ተኩል መሆኑ ነው። ጣሪያችንን ሁሉ አስቡት። ድሮ ሣርና ዛፍ የነበረው ቦታ አሁን ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነው፤ ውሃው አይሰርግም፣ ይሮጣል። ሲሮጥ ደግሞ ባዶውን አይሄድም። እኛ ቦይ ውስጥ የጣልነውን ፌስታልና የውሃ ላስቲክ፣ ከተራራው የታጠበውን አፈር ይዞ ይወርዳል። አፈሩ ከፊሉ አንገረብ ግድብ ውስጥ ይቀራል። የምንጠጣው ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ ደለል በሞላው ቁጥር በበጋ ጀሪካን ይዘን የምንሰለፈው እኛው ነን። የቀረው አጎቴ ማሳ ላይ ይደርሳል። ውሃው ከጎደለ በኋላ ከጭቃው ውስጥ ፌስታል እየለቀመ ነው የዋለው።

ጤፉ ቢያልፈው እንኳ ተስፋ አልቆረጠም። ዝናቡ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ሽንብራና ጓያ ይዘራል። ጥቁር አፈር ለዚህ ጥሩ ነው፣ እርጥበቱን አይለቅም። ግን ጤፉም አያምልጠው፤ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ውሃው ከሸሸለት ይደርሳል።

እኛ ሰፈር ከሱቆቹ ጀርባ ያለው ቦይ ተደፍኗል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልንጠርገው ተነጋግረናል። ዶፉ ከሰዓት በኋላ ስለሚጀምር እስከ ስድስት ሰዓት መጨረስ አለብን። አካፋና ቦቲ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ባዶ ማዳበሪያ ከእኔ ሱቅ አለ። የወጣውን ቆሻሻ ደግሞ ቦዩ ዳር አንከምረውም፣ ጭኖ የሚወስድ ጋሪ ተይዟል።