የያሪሷ ደብተር፦ ዘጠኝ ወር ናፍጣ ስቆጥር

መኪናዋ ቶዮታ ያሪስ ናት። የ2003 ስሪት፣ ናፍጣ፣ ማኑዋል ማርሽ። ሞተሯ 1364 ሲሲ፣ ጉልበቷ 75 ፈረስ። ከአውሮፓ የገባች ናት። የሸጠልኝ ሰውዬ "በሊትር 20 ትሄዳለች" ብሎኝ ነበር፣ እኔም አምኜው ስነዳ ከረምኩ።

ችግሩ፣ ለካ እኔ በሊትር ስንት እንደምትሄድ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። እንደ አብዛኛው ሰው ማደያ ስገባ "የ1,000 ብር ቅዳልኝ" እላለሁ፣ መብራቱ ሲበራ ደግሞ እመለሳለሁ። በዚህ አካሄድ መኪና ስንት እንደምትበላ ማወቅ አይቻልም። አንድ ቀን ቤንዚን ቪትዝ ያለው ጓደኛዬ "የኔ 14 ትሄዳለች" ሲለኝ ቁጭ ብዬ በግምት አሰላሁት። የኔ 12 አካባቢ ሆነ። በጣም ከነከነኝ። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ጉልበት አለው፣ የናፍጣ ሞተር ደግሞ በባህሪው ቆጣቢ ነው። ታዲያ እንዴት ከቤንዚን መኪና ታንሳለች?

መስከረም ላይ ደብተር ገዛሁ።

አለካኩ ቀላል ነው ግን ዲሲፕሊን ይጠይቃል። ሙሉ ትሞላላችሁ፣ ኪሎ ሜትሩን ዜሮ ታደርጋላችሁ፣ ትነዳላችሁ፣ እንደገና ሙሉ ትሞላላችሁ። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር በገባው ሊትር ማካፈል ነው። የመጀመሪያው መስመሬ ይኸው፦ 412 ኪሎ ሜትር፣ 33.2 ሊትር፣ በሊትር 12.4። ሁልጊዜ አንድ ማደያ፣ ከተቻለም አንድ ፓምፕ ላይ ሙሉ። ፓምፑ መጀመሪያ "ጠቅ" ብሎ ሲቆም እናንተም ቁሙ። ናፍጣ አረፋ ያወጣል፣ ስለዚህ ቀጂው ቸኩሎ ከለቀቀው ሳይሞላ ቶሎ ይቆምና ቁጥሩ ይዛባል፤ ቀስ እንዲል ጠይቁት። ደግሞ በብር ሳይሆን በሊትር መዝግቡ። ዋጋው እየተቀያየረ የብሩ ቁጥር ምንም አይነግራችሁም። ክፍያው በስልክ ከሆነ ወዲህ መልእክቱ ስለሚቀመጥ እኔ መጻፍ የረሳሁትን ቀን ከዚያ አገኘዋለሁ። ሰልፍ ባለበት ሳምንት ሙሉ መሙላት ላይቻል ይችላል፣ እሱን መስመር ዝም ብሎ ማለፍ ነው።

መንገዴ ከሰሚት ሜክሲኮ ነው፣ ደርሶ መልስ ወደ 30 ኪሎ ሜትር። ጠዋት ጭንቅንቅ፣ ማታም ጭንቅንቅ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ጎማ ሆነ። በሾፌሩ በር በኩል፣ በሩ ሲከፈት የሚታይ ተለጣፊ አለ፣ የጎማ ነፋስ ስንት መሆን እንዳለበት ተጽፎበታል። ጎሚስታው ጋ ሄጄ ስናየው ሦስቱ ጎማዎች 24 ነበሩ፣ አንዱ 21። "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ለመንገዱ ለስላሳ እንዲሆንልህ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጉድጓድ ላይ ይለሰልሳል። ግን የለሰለሰ ጎማ መኪናዋን ጭቃ ውስጥ እንደምትሄድ ያደርጋታል፣ ጎማውም ከዳርና ከዳር ያልቃል። 32 አስሞላሁ። የዚያኑ ሳምንት የአየር ፊልትሮውን አወጣሁት። በየሰፈሩ ቁፋሮ ስላለ አቧራው ከባድ ነው፣ ነጭ የነበረው ወረቀት ሙሉ በሙሉ ቡናማ ሆኗል። በአየር አስነፍቶ መመለስ የተለመደ ነው፣ እኔ ግን ሶማሌ ተራ ወርጄ አዲስ ገዛሁ። ነፋሱ ከተሳሳተ አቅጣጫ ከመጣ ወይም በጣም ከበረታ ወረቀቱን ይቀደዋል፣ ከዚያ አቧራው ቀጥታ ወደ ቱርቦው (አየር ጨምቆ ለሞተሩ የሚያቀብለው ክፍል) እና ወደ ሞተሩ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቁጥሩ 13.6 ደረሰ።

ቀጥሎ ወደ አነዳዴ መጣሁ። ብዙ የተማርኩት እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ታገሱኝ።

ፎሌ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል ብዬ ለዓመታት አምን ነበር፣ ያስተማረኝም ሰው እንዲያ ነው ያለኝ። በነዚህ ኮምፒውተር ባላቸው የናፍጣ ሞተሮች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መኪናዋ ማርሽ ውስጥ ሆና እግራችሁን ከነዳጅ ላይ ስታነሱ፣ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል፣ ኮምፒውተሩም ናፍጣውን ጭራሽ ይዘጋዋል። የሚገባው ዜሮ ነው። ፎሌ ስትለቁ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ራሱን ማዞር አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ናፍጣ ይረጫል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የፍሬኑ ጉዳይ ነው፤ ከእንጦጦ በፎሌ የሚወርድ ሰው ክብደቱን በሙሉ ፍሬን ላይ ነው የሚጥለው፣ ፍሬን ደግሞ ሲግል መያዝ ያቆማል። እኔ አሁን በሦስተኛ ወይም በሁለተኛ ነው የምወርደው።

ሁለተኛው ነገር ማርሽ የምቀይርበት ጊዜ ነው። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች የሚሰጡት ምክር "ቶሎ ማርሽ ጨምር፣ 1,500 ዙር ላይ ቀይር" የሚል ነው። ሞከርኩት። ሜዳ ላይ ይሠራል። ዳገት ላይ ግን መኪናዋ ታንቃ ጥቁር ጭስ ለቀቀችብኝ። ምክንያቱ አዲስ አበባ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦው ይህን ያካክሳል፣ ግን ዙሩ ዝቅ ባለ ጊዜ ቱርቦው ገና አልነቃም። አየር በሌለበት ናፍጣ ስትጨምሩ የማይቃጠለው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ጥቁር ጭስ ማለት ያልተቃጠለ ብር ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ 1,800 ሲደርስ እቀይራለሁ፣ ዳገት ላይ ከ2,000 በታች አላወርዳትም። ይሄ ለኛ ከተማ ነው፣ ጅቡቲ ለሚነዳ ሰው አይሆንም።

ሦስተኛው ቆሞ ሞተር አለማጥፋት ነው። ልጅ ትምህርት ቤት በር ላይ ሃያ ደቂቃ ሞተር ሳላጠፋ እጠብቅ ነበር። አሁን ከሁለት ደቂቃ በላይ የምቆም ከሆነ አጠፋለሁ። ከረጅም መንገድ ወይም ከከባድ ዳገት ስመጣ ብቻ፣ ቱርቦው እንዲቀዘቅዝ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቄ ነው የማጠፋው።

በእነዚህ ሦስቱ ብቻ ታኅሣሥ ላይ 15.1 ገባሁ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

የካቲት ላይ ቁጥሩ ድንገት ወደ 13 ወረደ። ድምፅ የለ፣ መብራት የለ፣ ጭስ የለ። አነዳዴም ያው ነው። አንድ ጊዜ ቢሆን የማደያው ስህተት ነው ብዬ አልፈው ነበር፣ ግን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሆነ። ከነዳሁ በኋላ አራቱንም ቸርኬ እጄን ተራ በተራ ጠጋ አድርጌ አየኋቸው። የፊት ቀኙ ይፋጃል፣ ሌሎቹ ለብ ያሉ ናቸው። (በእጅ አትንኩ፣ ጠጋ ብላችሁ ሙቀቱን ብቻ ስሙት።) መካኒኬ አባቴ የሚሆን ሰው ነው፣ ጋራዡ ሄጄ ስነግራቸው "ልጄ፣ ሳትነግረኝ ጎማውን አንሥተህ በእጅህ አዙረው" አሉኝ። በክሪክ አንሥተን ስናዞረው እየታሸ ነው የሚዞረው። የካሊፐሩ (የፍሬኑን ሸራ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) መንሸራተቻ ፒን ደርቆ ተጣብቋል። ፍሬን ለቅቄም ሸራው ዲስኩን ይዞ ነበር የሚሄደው። አጸዱት፣ ቅባት ቀቡት፣ ሸራውን በሁለቱም በኩል ቀየርን። በሚቀጥለው ሙሌት 15.4።

ይህን ነው ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው። መኪናዋ ምንም ሳትናገር ደብተሩ ነገረኝ። በ1,000 ብር ቅዳልኝ ቢሆን ዲስኩ እስኪበላ አላውቅም ነበር።

መጋቢት ላይ አዳማ ሁለት ጊዜ ሄድኩ፣ በፈጣኑ መንገድ። ቃሊቲ ሞልቼ፣ አዳማ ሞልቼ፣ ተመልሼ ቃሊቲ ሞላሁ። በሰዓት 90 ላይ ተጠንቅቄ ነዳሁ። ስወርድ 81 ኪሎ ሜትር በ3.7 ሊትር፣ ስመለስ ያው 81 በ4.6 ሊትር። ልዩነቱ ዳገቱ ነው፣ አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ "አዳማ ስሄድ 22 ሄደችልኝ" የሚላችሁ ሰው ሲኖር መልሱን ጠይቁት። ደርሶ መልሱ 19.5 ነው። በሁለተኛው ጉዞ ቸኩዬ ስለነበር 110 ነዳሁ፣ ደርሶ መልስ 9.8 ሊትር ፈጀች፣ 16.5 ማለት ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ያተረፍኩት ጊዜ ሃያ ደቂቃ አይሞላም፣ የከፈልኩት አንድ ሊትር ተኩል። የአየሩ ተቃውሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው፣ ከ90 ወደ 110 ስትሄዱ በአንድ ተኩል እጥፍ ያድጋል።

ዘይት ላይ ብዙ አልልም። የአውሮፓው መመሪያ ረጅም ርቀት ይፈቅዳል፣ እኔ ግን ለአቧራውና ለጭንቅንቁ ብዬ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከነፊልትሮው እቀይራለሁ። ለናፍጣ ሞተር የተሠራ መሆኑን ጣሳው ላይ አንብቡ። በሁለተኛው ቀን ቢጠቁር አትደንግጡ፣ የናፍጣ ዘይት ጥላሸት ስለሚሸከም ነው።

የናፍጣ ፊልትሮ ግን ሌላ ነው። ግንቦት ላይ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ማደያ ቀዳሁ፣ በነጋታው ዳገት ላይ ጉልበት አጣች፣ የፊልትሮ መብራትም በራ። ፊልትሮው ከሥሩ ውኃ ማፍሰሻ አለው። መካኒኬ በጠራ ጠርሙስ አጠለሉልኝ፣ ሲረጋ ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ውኃ ቁጭ ብሏል። እንደዚህ ዓይነት ሞተር ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ ጨምቆ ነው የሚረጨው፣ ፖምፓውም ናፍጣውን የሚረጨው ኢንጄክተርም የሚቀባው በራሱ በናፍጣው ነው። ውኃ አይቀባም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣም በደንብ አይቀባም። ፊልትሮውን ቀየርን፣ በእጅ ፖምፓው አየሩን አስወጣን፣ ተነሣች። በጊዜ ባልደርስባት ኖሮ አራት ኢንጄክተር ልገዛ ነበር። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን መንከባከብ ግድ ሆኗል። አሁን በየሁለት ወሩ አጠልላለሁ፣ ክረምት ላይ በየወሩ። ሥራው አሥር ደቂቃ ነው።

የሰኔ የመጨረሻው መስመር 15.9 ይላል፣ ከተማ ውስጥ ብቻ። የቀረኝ ኢጂአሩ ነው፣ ጭሱን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል። መካኒኬ በጥላሸት ሳይደፈን አይቀርም ብለዋል፣ ሐምሌ ላይ እናወርደዋለን። ድሬዳዋ ወይም ሐዋሳ ይህንኑ ሞተር የምትነዱ ካላችሁ ቁጥራችሁን ላኩልኝ፣ ሙሉ ከሙሉ የተለካ ይሁን፣ የጎማችሁንም ነፋስ ጻፉልኝ። ከፍታው ብቻውን ስንት እንደሚያመጣ ጎን ለጎን አድርጌ ማየት እፈልጋለሁ።