ሰባት ሰዓት ሲሆን እንመለሳለን

እኔና ጓደኛዬ ካዮቲ ገልችን በእግር ለማየት መጀመሪያ ያሰብነው ለጁላይ ነበር። ሁለታችንም የዓመት እረፍት የምናገኘው ያኔ ነዋ! ካዮቲ ገልች አሜሪካ፣ ደቡባዊ ዩታ ውስጥ ያለ የበረሃ ሸለቆ ነው። ቀይ ግድግዳ፣ ከሥሩ ቀጭን ወንዝ፣ እዚህም እዚያም ተፈጥሮ የቦረቦረችው የድንጋይ ቅስት። ፎቶውን ከላከልኝ ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

ጁላይ ግን ችግር አለበት። ሙቀቱን እናውቃለን። ያልጠበቅነው ውሃውን ነው። በዚያ በረሃ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይመጣል። ዝናቡ የግድ እናንተ ላይ መውረድ የለበትም። ርቆ፣ ከፍታው ላይ ይዘንባል። አለቱ ውሃ አይመጥም፤ ሁሉም ተጠራቅሞ በጠባቡ ሸለቆ ይወርዳል። ራሳችሁ ላይ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ደራሽ ጎርፍ ከች ይላል። ይህን ካነበብን በኋላ አለቆቻችንን ለምነን እረፍቱን ወደ ኦክቶበር አዛወርነው።

መውረጃው ከአንድ በላይ ነው። ጓደኛዬ ክራክ ኢን ዘ ዎል በሚሉት ካልወረድን ብሎ ድርቅ አለ። ስሙ እንደሚለው የግድግዳ ስንጥቅ ነው። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን ሰው በጎኑ ሆኖ፣ ሆዱን ስቦ ነው የሚያልፈው። ቦርሳው ለብቻው በገመድ ይወርዳል። ሆዴን አየሁት። «አንተ ውረድ፣ እኔ ከላይ ፎቶ አነሳሃለሁ» አልኩት። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሀሪኬን ዋሽ በሚሉት ደረቅ የወንዝ መሄጃ ለመግባት ተስማማን። እስከ ጃኮብ ሃምብሊን ቅስት ወደ 11 ኪሎ ሜትር ነው። ይረዝማል፣ ግን ገመድ አይፈልግም።

ከዚያ የውሃ ሒሳብ መጣ። በበረሃ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ ይላሉ። 4 ሊትር 4 ኪሎ ነው። ለሦስት ቀን 12 ኪሎ በጀርባ! ደግነቱ ቅስቱ አካባቢ ከአለቱ የሚፈልቅ ምንጭ አለ፣ ወንዙም አለ። ሀሪኬን ዋሽ ግን አብዛኛው ደረቅ አሸዋ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ውሃ ልንሸከም፣ ለቀረው ማጣሪያ ልንይዝ ወሰንን።

ለማደር ፈቃድ ግዴታ ነው፤ ዋጋ ግን የለውም። እሳት ማንደድ ክልክል፣ ውሻ ክልክል፣ በአንድ ቡድን ከ12 ሰው በላይ ክልክል። ጓደኛዬን ዝም ያሰኘው ሌላኛው ደንብ ነው። ሰገራ እዚያ አይቀበርም፤ በልዩ ከረጢት ይዛችሁት ትወጣላችሁ። ትንሽ አሰበና «የየራሳችንን ነው አይደል?» አለኝ።

ሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራም። ለእህቴ ሁሉንም በወረቀት ጻፍንላት። መኪናው የት እንደሚቆም፣ በየት እንደምንገባ፣ በየትኛው ቀን ከስንት ሰዓት በኋላ ድምፃችን ከጠፋ ለእርዳታ እንደምትደውል። አነበበችውና «እንዲህ ከሆነ ለምን ትሄዳላችሁ?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ከኤስካላንቴ ከተማ ወጣ ብሎ ሆል ኢን ዘ ሮክ የሚባለው መንገድ ይጀምራል። ኮሮኮንች ነው ቢባል ኮሮኮንችን መስደብ ነው። ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳን። መንገዱን የከፈቱት ከ1879 እስከ 1880 በብርዱ ወራት በሠረገላ የመጡ ሞርሞን የሚባለው ሃይማኖት ተከታዮች የሆኑ ወደ 250 ሰፋሪዎች ናቸው። 6 ሳምንት ይበቃናል ብለው የወጡት ጉዞ 6 ወር ፈጀባቸው። ኮሎራዶ ወንዝ አፋፍ ላይ ገደል ሲገጥማቸው የአለቱን ስንጥቅ በባሩድ አስፍተው ሠረገላዎቹን በገመድ እየያዙ አወረዱ። ይህን ስነግረው ጓደኛዬ «አየህ፣ እነሱ ስንጥቅ አልፈሩም» አለኝ።

ሀሪኬን ዋሽ መጀመሪያ ምንም አይመስልም። ሁለት ሰዓት ያህል አሸዋ ስንረግጥ ቆይተን «ፎቶው ውሸት ነው እንዴ?» ተባባልን። ከዚያ ግድግዳው በሁለቱም ወገን ከፍ እያለ መጣ። እግራችን ሥር እርጥበት፣ ቀጥሎ ቀጭን ውሃ። ከዚህ በኋላ ደረቅ እግር ብሎ ነገር የለም። ስንት ጊዜ እንደተሻገርን መቁጠሩን ተውነው። ውሃ አያስገባም ተብሎ በውድ የገዛሁት ቦት ጫማ የገባውን ውሃ አላስወጣም አለ። ጓደኛዬ በአሮጌ ስኒከር ቀድሞኝ እየሄደ ይስቃል።

ጃኮብ ሃምብሊን ጋ ስንደርስ ዝም አልን። ወንዙ እዚህ ጋ አንድ ስስ የአለት ግድግዳን ዞሮ ያልፋል። በጥንት ጊዜ ግድግዳውን ከሥሩ እየላሰ አሳሳው። የሳሳው እየተቀረፈ ወደቀ፣ በመጨረሻም ተበሳ። ወረድ ብሎ ያለውን ካዮቲ ድልድይ ደግሞ ቅስት አይሉትም። ወንዙ በስቶት ዛሬም በሥሩ ስለሚያልፍ የተፈጥሮ ድልድይ ነው። በማግስቱ በሥሩ ስንሄድ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን እንኳን አልሸፈነም። ይሄ ነው አለት የበሳው?

መልሱን ግን ከዋዜማው አይቼው ነበር። ድንኳናችንን የተከልነው ወንዙ ዳር፣ ለጥ ያለ አሸዋ ላይ ነው። ምን የመሰለ ፍራሽ! ውሃ ላጣራ ወርጄ ቀና ስል ኮተንዉድ የሚሉትን ዛፍ አየሁ። ከራሴ በላይ፣ ቅርንጫፉ መሃል ጭራሮና የደረቀ ሣር ተሰክቷል። የወፍ ጎጆ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጎርፉ እዚያ ድረስ ወጥቶ ጥሎት የሄደ ነው። ጓደኛዬን ጠርቼ አሳየሁት። ምንም ሳንነጋገር ድንኳኑን ነቅለን ከፍ ያለ ቦታ ተከልነው። ድንጋይ በድንጋይ ነበር። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የሁለተኛው ቀን ግብ ስቲቨንስ ቅስት ነው። ሸለቆው ከኤስካላንቴ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ ሽቅብ ሲያዩት ስፋቱ ከ60 ሜትር የሚበልጥ መስኮት። ቤት ሳለን አንድ ነገር ተስማምተን ነበር። የትም እንድረስ የት፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን እንመለሳለን።

ክሊፍ አርች የሚሉት ቅስት ጋ ብዙ ሰዓት ፈጀን። ቁርጥ የጀበና እጀታ! ከግድግዳው ወጥቶ ተመልሶ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ትንንሽ ፏፏቴዎች መጡ፤ በጎናቸው እየዞርን ወረድን። 7 ሰዓት ሲል ስቲቨንስ ገና አልታየም። ከኋላችን፣ ወንዙ ከሚመጣበት ከምዕራብ በኩል፣ ጠቆር ያለ ደመና ብቅ ብሏል።

«አንድ መታጠፊያ ብቻ» አለ።

«7 ሰዓት ሆኗል።»

«ሰዓትህ ይቀድም ይሆናል።»

ተመለስን። ጓደኛዬ ከፊት፣ ሳያናግረኝ። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ደመናው ተበትኖ አልቋል። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ማታ ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ሆነ፤ እሱ ግን ቀና ብሎም አላየው።

አሁንም ደመና ባየ ቁጥር ይደውልልኛል። «7 ሰዓት ሆነ እንዴ?» ይላል።