ባለ «ጂ»ዋ እና ባለ «ዋይ»ዋ ቶልያቲ

ከሩሲያኛ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም እንጀራዬ ከሆነ ቆይቷል። በብዛት የሚመጣልኝ ዲፕሎማ፣ የጋብቻ ወረቀትና የልደት ምስክር ወረቀት ነው። በነዚህ ወረቀቶች ላይ የከተማ ስም አስጨንቆኝ አያውቅም ነበር። አንዲት ልጅ በእኔ የተነሳ ጉዳይዋ እስኪጓተት ድረስ።

ልጅቷ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1986 ቶልያቲ ነው፤ ላዳ መኪና የሚሠራበት ከተማ። አባቷ በዚያ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከሄዱት ብዙ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ውጭ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ልታመለክት ስትል የልደት ወረቀቷ በእንግሊዝኛ ተፈለገ። ትንሿን አረንጓዴ ደብተር በፕላስቲክ ጠቅልላ አመጣችልኝ።

ገለጥኩት። በእጅ የተጻፈ ነው፣ ቀለሙ ደብዝዟል። የትውልድ ቦታ፦ ቶልያቲ ከተማ፣ ኩይቢሼቭ ክልል። በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። ከተማዋን በእንግሊዝኛ ቲ፣ ኦ፣ ጂ፣ ኤል፣ አይ፣ ኤ፣ ሁለት ቲ፣ አይ ብዬ ጻፍኳት። ኩይቢሼቭን ደግሞ፣ ክልሉ ከ1991 ጀምሮ ሳማራ ስለሚባል፣ አንባቢው እንዳይቸገር ብዬ ሳማራ አልኩት። ማህተሜን መትቼ ሰጠኋት።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ደወለች። «ጋሼ፣ ወረቀቴን መለሱት» አለችኝ። «ፓስፖርትሽ ላይ ያለው ከተማና እዚህ ያለው አንድ አይደለም አሉኝ።» ፓስፖርቷን በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ቲ፣ ኦ፣ ኤል፣ ዋይ፣ ኤ፣ ሁለት ቲ፣ አይ። ጂ የለም። ስትመጣ ፓስፖርቷን አሳዪኝ አላልኳትም ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የኔ አጻጻፍ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ከተማዋ የሰው ስም ናት። ድሮ ስታቭሮፖል ትባል ነበር፤ በ1737 የተቆረቆረች። በ1950ዎቹ ቮልጋ ላይ ግድብ ሲሠራ አሮጌው ከተማ ውኃ ስለሚውጠው ወደ ከፍታ ተዛወረ። በነሐሴ 1964 የኢጣሊያ ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ፓልሚሮ ቶልያቲ ያልታ ላይ አረፈ፤ በሳምንቱ ከተማዋ በስሙ ተጠራች። ብዙ ሰው ስሙን ያወጣላት ፊያት ይመስለዋል። ስሙ ግን ቀድሟል። ከፊያት ጋር ውል የታሰረው በ1966፣ በፊያት 124 መነሻነት የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የወጡት በ1970 ነው። ስለ ሰውየው አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛን ስለሚነካ። የሱ ፓርቲ የሙሶሊኒን ወረራ የተቃወመ ነው። ከአባላቱ አንዱ ኢሊዮ ባሮንቲኒ እስከ ጎጃም ድረስ መጥቶ ከአርበኞቻችን ጋር ቆሟል። የቶልያቲን ስም በቤተሰቡ አጻጻፍ ልጻፍለት ማለቴ ከዚህም ይመነጫል።

በኢጣሊያንኛ ጂና ኤል ተከታትለው ከአይ በፊት ሲመጡ ጂ አይነበብም። ይህን እኛ ሳናውቀው እናውቀዋለን። ኳስ ተጫዋች የሚለብሰው ማሊያ ቃሉ የኢጣሊያ ነው፤ እዚያ ሲጻፍ ጂ አለበት። ማግሊያ የሚል ግን ሰምቼ አላውቅም። ታሊያቴሌም እንደዚሁ ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን ጂውን ካየ ያነበዋል፤ ቶግሊያቲ ይላል። የከተማዋ ሰዎች ቶልያቲ ነው የሚሉት፤ ሩሲያኛውም የሚጻፈው እንደሚነገረው ነው።

ስለዚህ በእንግሊዝኛ ስትጻፍ ብዙ መልክ አላት። ባለ ጂዋ የሰውየውን ስም ትከተላለች። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲም በእንግሊዝኛ ራሱን የሚጠራው በሷ ነው። ባለ ዋይዋ ከሩሲያኛው ፊደል በቀጥታ የተወሰደች ናት። በካርታ ላይ ከኤሉ በኋላ ጭረት የሚጨምሩባት አለች፤ ጭረቷ የሩሲያኛውን የማለስለሻ ምልክት ትተካለች። በአዲሱ የሩሲያ ፓስፖርት ሥርዓት ደግሞ ጂም ዋይም ሳይኖር በአይ ብቻ ትጻፋለች። አራቱም ምክንያት አላቸው። ጂንና ዋይን አንድ ላይ የሚያስገቡ ሰዎችም አይቻለሁ፤ እሱ ግን ስህተት ነው፣ የኢጣሊያም የሩሲያም አይደለም።

እንደገና ስሠራው ከተማዋን በፓስፖርቷ ፊደል፣ በዋይ ጻፍኳት። ከታች የተርጓሚ ማስታወሻ አስገባሁ፦ ይህች ከተማ በእንግሊዝኛ በጂም ትጻፋለች፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ናቸው፣ በሩሲያኛው ወረቀት ላይ ያለው ስም ይህ ነው። ሳማራን አውጥቼ ኩይቢሼቭን መለስኩ። ይህኛው ከፊደሉ የባሰ ጥፋት ነበር። ወረቀቱ በ1986 ያለውን ነው የሚናገረው፤ እኔ ግን ያላለውን አስባልኩት። የዛሬው ስም ቦታው ማስታወሻው ውስጥ ነው። ገንዘብ አልተቀበልኩም። በሁለተኛው ዙር ወረቀቱ አለፈ።

ወረቀቱን ሊወስዱ ከአባቷ ጋር ነበር የመጡት። መነጽራቸውን አድርገው ማስታወሻውን ቀስ ብለው አነበቡት። «እዚያ ሳለን ይህን ሁሉ የሚያውቅ አልነበረም፣ ወንድሜ» አሉኝ። «ቶልያቲ ነው የምንለው፣ በቃ።» ከተመለሱ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ባለፈ ቁጥር ለልጃቸው «ያቻትልሽ፣ ያገርሽ ልጅ» ይሏት ነበር። ልጅቷ ሳቀች፣ እሳቸው ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አሁን ሥራ ሳልጀምር ፓስፖርት እጠይቃለሁ። ከዚያ ወረቀቱ የተጻፈበትን ዓመት አያለሁ። ታሪክ ወይም ስለ መኪና የሚያወራ ጽሑፍ ስተረጉም ባለ ጂዋን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሰውየው አብሮ ይታወሳል። አንዴ ከመረጥኩ እስከ መጨረሻው አልቀይርም። ለባለ ጉዳዮችም ቃለ መጠይቅ ካላቸው አንባቢው ጂውን ሊያነበው እንደሚችል እነግራቸዋለሁ፤ «ቶግሊያቲ» ሲባሉ የነሱ ከተማ መሆኑን እንዲያውቁ።

ባለፈው ወር አንድ ሰው የ1984 የምህንድስና ዲፕሎማ ይዞ መጣ። ከተማው ጎርኪ ይላል፤ ከ1990 ወዲህ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ የሚባለው፣ የቮልጋ መኪና አገር። «ዛሬ እንዲህ የሚባል ከተማ የለምኮ፣ አዲሱን ጻፍልኝ» አለኝ። ጎርኪ ብዬ ጻፍኩለት። አዲሱን ስም ከታች፣ በማስታወሻው።